የፀደይ ወፎች፦ ብርቅዬውን ማሳደድ ወይስ አንድ ቦታ መጠበቅ?

በወፍ ተመልካቾች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን ክር፣ ማለትም የውይይት ሰንሰለት፣ የከፈተችው ሴት ነገሩን ሳትሸፋፍን ነው የጻፈችው። በፀደይ ብርቅዬ ወፍ ታየ በተባለ ቁጥር ስልክ አይቶ መኪና አስነስቶ መሮጥ ትርፉ ድካም ነው ትላለች። በእሷ እምነት የሚያዋጣው አንድ ቦታ መርጦ መመላለስ ነው። ትልቅ መሆን የለበትም። ትንሽ ጫካ ወይም ዳር ዳሩ ሸምበቆ የሆነ ኩሬ ይበቃል። ምክንያቷንም አስቀምጣለች። አብዛኞቹ ትንንሽ ዘማሪ ወፎች የሚፈልሱት በሌሊት ነው። ሊነጋጋ ሲል ይወርዳሉ። ሌሊቱን ያቃጠሉትን ስብ ለመተካት ወዲያው መብላት ይጀምራሉ። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ እዚያ የተገኘ ሰው፣ ሌላው በጥቆማ ሲሮጥ የሚያልፈውን ሁሉ ያያል። የማይስማማ ካለ ምክንያቱን እንዲጽፍ ጠይቃ ጨረሰች።

ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። የተማርኩበትንም፣ የማልስማማበትንም እዚህ አወጋለሁ።

ምላሽ ቁጥር 1 ላይ የመጡት አዛውንት በትሕትና ተስማሙ። ብርቅዬውን ለመለየት አስቀድሞ የዘወትሩን ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል አሉ። ተራውን ወፍ በፀሐይም በጥላም፣ ከፊትም ከኋላም፣ ላባውን ሲቀይርም ያየ ሰው፣ ለየት ያለው ሲመጣ ዓይኑ ራሱ ይነግረዋል። ይህ እውቀት የሚገኘው ደግሞ በመመላለስ ነው።

ቁጥር 2 እርማት ይዞ መጣ። ጎህ ሲቀድ የሚለው ምክር ለትንንሾቹ እንጂ ለሽመላና ለንስር አይሠራም ይላል። ሰፋፊ ክንፍ ያላቸው ወፎች እያርገበገቡ ረጅም መንገድ ቢሄዱ ጉልበታቸው ያልቃል። ስለዚህ መሬቱ እስኪሞቅና አየሩ ወደ ላይ መውጣት እስኪጀምር ይጠብቃሉ። በዚያ አየር ውስጥ እየተሽከረከሩ ከፍ ይላሉ፤ ከዚያ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ ፊት ይንሸራተታሉ። ከረፋዱ በፊት እነሱን ፍለጋ ማንጋጠጥ ጊዜ ማባከን ነው። ሰፊ ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማያገኙም ውሃው ጠበብ በሚልበት ቦታ ይሰባሰባሉ፦ በጅብራልታር፣ በቦስፎረስ፣ በባብ ኤል መንደብ። በፀደይ በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በእስራኤሏ ኤላት ላይ፣ ከአፍሪካ የሚመለሱ አዳኝ ወፎች በብዙ ሺዎች ሲያልፉ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ አንድ ጀማሪ ልጅ ቁጥር 3 ላይ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ጠየቀ። በአንድ ጠዋት ጫካው በወፍ ተሞልቶ አገኘው። በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ ሄዶ ምንም አጣ። ምን ተለወጠ?

መልሱ ቁጥር 4 ነው። ለኔ የክሩ ልብም እሱ ነው። ጸሐፊዋ ረጅም ጻፈች፤ ግን አንድም ትርፍ ቃል የለበትም። ነገሩ የአየር ሁኔታ ነው። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ በፀደይ ወፎቹ የሚጓዙት ወደ ሰሜን ነው። ሌሊቱ ጠርቶ፣ ከደቡብ ለስለስ ያለ ነፋስ ከነፈሰ ከኋላ ይገፋቸዋል። ያኔ በብዛት ይበራሉ። ግን ከእኛ ዘንድ አይወርዱም፤ ከራሳችን በላይ አልፈው ይሄዳሉ። ጠዋት ጫካው ጭር ይላል። ለመብረር የተመቸ ሌሊት ለተመልካች የማይመች ጠዋት ያመጣል ማለት ነው። መንገድ ከጀመሩ በኋላ ዝናብ ወይም የሰሜን ነፋስ ከገጠማቸው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባገኙት የመጀመሪያ ዛፍ ላይ ይወርዳሉ።

ምሳሌዋ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ነው። ትንንሾቹ ወፎች አመሻሹ ላይ ከሜክሲኮ ዩካታን ይነሱና 1,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውሃ ሳያርፉ ያቋርጣሉ። አየሩ ጥሩ ከሆነ ዳርቻውን አልፈው ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ዝናብና የፊት ነፋስ ከጠበቃቸው ግን በቴክሳስ ዳርቻ ሃይ አይላንድ የሚባለው ቦታ ያሉት ዛፎች በቀይ፣ በቢጫና በብርቱካናማ ወፎች ይሞላሉ። ሰው ከሩቅ አገር የሚመጣው ይህን ለማየት ነው።

ቁጥር 4 በዚህ አላበቃችም። በፀደይ ከተለመደው ቦታቸው ውጭ የሚገኙ ብዙ ወፎች መንገድ የሳቱ ሳይሆኑ ማረፊያቸውን ያለፉ ናቸው አለች። ሞቅ ያለና የጠራ አየር ለቀናት ከቆየ፣ ደቡብ አውሮፓ ላይ ማረፍ የነበረባቸው ንብ በል ወፎች እስከ ብሪታንያ ይደርሳሉ። በመጸው ከመንገድ የሚወጡት ግን ብዙውን ጊዜ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉ፣ የመጀመሪያ ጉዟቸውን የሚያደርጉ ወጣት ወፎች ናቸው። ስለዚህ ብርቅዬ ወፍ የሚፈልግ ሰው ከጥቆማ በፊት ማታ ማታ የነፋሱን አቅጣጫና የዝናቡን ሰዓት ይይ። ይህን ምክር እኔም ስሠራበት ቆይቻለሁ። የሌሊት ዝናብ ሊነጋ ሲል ካቆመ፣ አልጋ ውስጥ መቆየት አልችልም።

ቁጥር 5 ግን ተቆጣ። ቁጥር 4 በደስታ የምትተርከው ነገር ለወፎቹ መዓት ነው አለ። ዛፉ ላይ የምናያቸው የተረፉት ናቸው። ያልቻሉት ባሕር ውስጥ ቀርተዋል። የደረሰውም ቢሆን አንዳንዱ ስቡን ጨርሶ የደረት ጡንቻውን ማቃጠል የጀመረ ነው። እንዲህ ያለ ጠዋት እንዲመጣ መመኘት ነውር ነው ብሎ ደመደመ።

የቁጥር 4 ጸሐፊ ቁጥር 6 ላይ ሳትቆጣ መለሰች። ዝናቡን ምኞታችን አያመጣውም፤ የእኛ ኃላፊነት የሚጀምረው ወፎቹ ከወረዱ በኋላ ነው አለች። ከዛፎቹ መሃል ሳይሆን ከዳር መቆም። ሣር ላይ ወርደው ትል የሚለቅሙትን ዞሮ ማለፍ። ፎቶ ለማንሳት ብሎ ቅርንጫፍ አለመነቅነቅ። ቁጥር 5 አነጋገሩ ከረር ያለ ነበር፤ ግን እሱ ባይቆጣ ቁጥር 6 አይጻፍም ነበር። እኔ በመሠረቱ ከእሱ ጋር ነኝ። ከባሕር ማዶ የመጣ ወፍ ጉዞው ገና አላለቀም። የመራቢያ ቦታው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሊቀረው ይችላል። እኛ ያየነው ለመንገዱ ስንቅ የሚሰንቅበትን ሰዓት ነው።

ቁጥር 7 ይህንኑ በገጠመው ነገር አስረዳ። ረግረግ ዳር አንድ እንግዳ ወፍ ታየ ተብሎ ሄዷል። ሲደርስ ሰው በግማሽ ክብ ከቦት ነበር። ሁሉም አንድ እርምጃ፣ አንድ እርምጃ እያለ ይጠጋል። ወፉ መልቀሙን አቆመ። አንገቱን ቀጥ አድርጎ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ተነሳና ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ባዶ ጭቃ አዩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚከተለው ደንብ ቀላል ነው፦ ወፉ መብላት አቁሞ ወደ እኔ ካየ፣ በጣም ቀርቤያለሁ ማለት ነው። ያኔ ዝም ብዬ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

የክሩን ከፋች በቀጥታ የተቃወማት ቁጥር 8 ነው። ሁሉም ሰው የየራሱ ኩሬ ዳር ከተቀመጠ ማን ምን አለፈ የሚለውን ማወቅ አይቻልም ይላል። በጥቆማ የሚሮጡት ሰዎች ቢያንስ ይጽፋሉ። ኢበርድ የሚባለው የመዝገብ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2002 ከተጀመረ ወዲህ ከተራ ተመልካቾች የተሰበሰበው መረጃ፣ ተመራማሪዎች ፍልሰቱን በየሳምንቱ በካርታ እንዲከተሉ አስችሏቸዋል። ከዚያ አንድ የሚያሳዝን ምሳሌ አመጣ። ቀጭን መንቁር ያለው ከርሉ የሚባል ፈላሽ ወፍ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያለ ጥርጥር የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 በሞሮኮ መርጃ ዘርጋ ሐይቅ ነው። በ2025 ጠፍቷል ተብሎ በይፋ ታወጀ። ብዙ ዓይን ቀደም ብሎ ቢፈልገው ኖሮ ይተርፍ ነበር ባይ ነው።

ቁጥር 9 ይህን አልተቀበለችም። ፍለጋ አልጎደለም አለች። ብዙ ሰው ለዓመታት በሳይቤሪያና በካዛኪስታን ፈልጎት አላገኘውም። ጎጆው በእርግጠኝነት የተገኘው በሳይቤሪያ ታራ አካባቢ ብቻ ነው፤ እሱም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ። ሰው መቁጠር ሲጀምር ረግረጉ ደርቋል፣ ሜዳው ታርሷል፣ ወፉም ታድኗል። ደግሞም ከሌሎቹ የከርሉ ዝርያዎች ጋር ስለሚመሳሰል አየሁት የሚሉ ጥቆማዎች ሁሉ ያከራክሩ ነበር። እዚህ ላይ ቁጥር 1ን አስታወሰች፤ የዘወትሩን የማያውቅ ብርቅዬውን ቢያገኘውም ማስረዳት አይችልም። ወፉ ለምን ጠፋ በሚለው ከቁጥር 9 ጋር እስማማለሁ። ያንን የ1995 ክረምት (የሰሜኑን የብርድ ወራት) ዛሬ የምናውቀው ግን ሐይቁ ድረስ ሄደው ያዩትንና ፎቶ ያነሱትን ስለጻፉ ነው።

ከዚህ በኋላ ወሬው መንገድ ለወጠ። ቁጥር 10 በሌሊት መንገዱን እንዴት ያውቁታል ብላ ጠየቀች። ቁጥር 11 እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስቴፈን ኤምለን ስላደረገው ሙከራ ነገራት። ኢንዲጎ በንቲንግ የሚባሉ ወፎችን ሰው ሠራሽ የከዋክብት ጣሪያ ሥር አስቀመጠ። ኮከቦቹን ሲያዞርባቸው እነሱም የሚነሱበትን አቅጣጫ አዞሩ። ጫጩቶቹ የሚማሩት ሰማዩ የሚሽከረከርበትን መሃል ነው። ደመና በሆነ ጊዜ ደግሞ የመሬት መግነጢስ ይረዳቸዋል።

ቁጥር 12 ወደ ታሪክ ሄደ። አርስቶትል አንዱ ወፍ በክረምት ወደ ሌላ ወፍ ይለወጣል ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን ውስጥ ክሉትስ በሚባል መንደር አቅራቢያ የተገደለ ሽመላ አንገቱ ላይ የመካከለኛው አፍሪካ ጦር ተሰክቶ ተገኘ። ጦሩን እንደተሸከመ ያን ሁሉ መንገድ በርሮ ነበር። ወፎቹ በክረምት የት እንደሚሄዱ የሚያሳይ የማይካድ ማስረጃ ሆነ፤ ዛሬም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። በ1899 ደግሞ ዴንማርካዊው መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን ቁጥር ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት በስታርሊንግ ወፎች እግር ላይ ማሰር ጀመረ። ጉዞን በየወፉ መከታተል በሥርዓት የተጀመረው ከዚያ ነው።

በዚህ መሃል ቁጥር 13 ስለ ጎድዊት ጻፈ። መንቁረ ረጅም የባሕር ዳርቻ ወፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአምስት ወር ዕድሜ ያለው አንድ ጎድዊት የሳተላይት መከታተያ እንደያዘ ከአላስካ ተነስቶ 11 ቀን ሳያርፍ አውስትራሊያ፣ ታዝማኒያ ገባ። 13,560 ኪሎ ሜትር። በፀደይ ጠዋት እንዲህ ያለ ተጓዥ ማየት ይቻላል ብሎ በአድናቆት ዘጋ።

ቁጥር 14 ግን አረመው፤ ጥሩ አድርጎ አረመው። ያ በረራ የመጸው ጉዞ ነው። በፀደይ ወደ አላስካ ሲመለሱ በአንድ ትንፋሽ አይሄዱም። ቢጫ ባሕር ዳርቻ ጭቃማው ሜዳ ላይ ወርደው ለሳምንታት ይበላሉ። ያ ጭቃ ብዙ ቦታ ላይ ተደፍኖ ፋብሪካና እርሻ ሆኗል። የቀረው ከፊሉ በቻይና በኩል በ2019፣ በደቡብ ኮሪያ በኩል በ2021 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቁጥር 14 ሊል የፈለገው ይህን ይመስለኛል፦ ወፉ 11 ቀን መብረር ቢችልም የሚበላበት ቦታ ከሌለ አይመለስም። ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው።

ከ15 እስከ 18 ያሉት ምላሾች ጠብ ናቸው። የተነሳው የተቀዳ ድምፅ በስልክ እያጫወቱ ወፍን የማስጠጋት ጉዳይ ነው። ቁጥር 15 ይህን የሚያደርጉ ሰዎች አጋጥመዋት፣ ተገቢ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ቁጥር 16 ለዓመታት ሰው ሲያስጎበኝ የኖረ ሰው ነው። ለጥቂት ሰከንድ አጫውቶ ማቆም አሥር ሰው ሸምበቆ ውስጥ ገብቶ ከሚረግጠው ያነሰ ጉዳት አለው አለ። ቁጥር 17 በስድብ መለሰ። የሚያጫውት ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ጻፈ። ቁጥር 18ም የቁጥር 17ን ሥራና አስተዳደግ እያነሳ ብሶበት መጣ። አስተባባሪዋ ቁጥር 19 ላይ ገብታ ሁለቱን ካላረሙ እንደምትሰርዛቸው አስታወቀች። ደንቡንም ደገመች፦ ጎጆ ላይ ያለ ወፍ ወይም ለመጥፋት የተቃረበ ዝርያ ላይ ድምፅ አይከፈትም። የጎጆ ቦታም እዚህ አይጻፍም። ኢበርድም ቢሆን አደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎች የታዩበትን ትክክለኛ ቦታ ለሕዝብ አያሳይም።

በዚህ ጉዳይ አቋሜ ግልጽ ነው። ወንዱ ወፍ ድምፁን ሲሰማ ክልሌ ተደፈረ ብሎ መብላቱን ይተዋል። ጠላቱን ይፈልጋል፣ አያገኘውም። ሌሊት ሙሉ በርሮ ለመጣ ወፍ ያ ጊዜ ውድ ነው። ስለዚህ በፀደይ ድምፅ አለመክፈት ይሻላል። ቁጥር 16 ስለ መረገጡ ያለው ግን እውነት ነበር። ሊሰደብ አይገባም ነበር፤ መልስ ነበር የሚገባው።

ቁጥር 20 የስልክን ነገር ከሌላ በኩል አነሳች። መርሊን የሚባለው መተግበሪያ በድምፅ ብቻ የአንድ ብርቅዬ ወፍ ስም ሰጣት። እሷም በዓይኗ ሳታረጋግጥ ጻፈች። ሰው መጥቶ ምንም አላገኘም። ቁጥር 21 በደግነት መለሰላት። መተግበሪያው ፍንጭ ይሰጣል፤ ማረጋገጡ የጆሮና የዓይን ሥራ ነው። በተለይ የሌላውን ድምፅ የሚያስመስሉ ወፎች አሉ። ማርሽ ዋርብለር የሚባለው ትንሽ ቡናማ ወፍ ክረምቱን በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ያሳልፋል። በግንቦት አውሮፓ ደርሶ ሲዘምር አፍሪካ ውስጥ የሰማቸውን ወፎች ድምፅ ይደባልቃል። አንዱ ወንድ በአማካይ ከ70 በላይ የሌሎች ዝርያዎችን ድምፅ ያስመስላል። ጆሮ ያለው ሰው ወፉ የት ከርሞ እንደመጣ ከዘፈኑ ይሰማል! እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ ሥራዬን ትቼ መውጣት ነው የሚያምረኝ።

የመጀመሪያው ጀማሪ ቁጥር 22 ላይ ፎቶ ይዞ ተመለሰ። ትንሽ፣ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት፣ ቅጠል ውስጥ የሚርመሰመስ ወፍ። ብርቅዬ ይሆን? ያ ቁጥር 1 ላይ የነበሩት አዛውንት መለሱለት። ብርቅዬ አይደለም፤ ግን ሁለት መንታ የሚመስሉ ወፎች ስላሉ መለየቱ ጥሩ ትምህርት ነው አሉ። ቺፍቻፍ እግሩ ጠቆር ይላል፣ ክንፉ አጭር ነው፣ የራሱን ስም ይደጋግማል። ዊሎ ዋርብለር እግሩ ፈካ ይላል፣ ክንፉ ረዘም ይላል፣ ዘፈኑም እየወረደ ይሄዳል። የክንፉ ርዝመት ያለ ምክንያት አይደለም። ቺፍቻፍ ብዙውን ጊዜ ሜዲትራኒያን አካባቢ ይከርማል፤ ዊሎ ዋርብለር ግን ሰሃራን ተሻግሮ ነው የሚመጣው። እነዚህን ወፎች በዘፈናቸው የለያቸው እንግሊዛዊው ቄስ ጊልበርት ዋይት ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን። ልጁ የወፉን እግር የሚያሳይ ሌላ ፎቶ ላከ። ጠቆር ያለ ነው። ቺፍቻፍ።

የክሩ ከፋች ቁጥር 24 ላይ መጥታ የተቀበለችውንና ያልተቀበለችውን ለየች። ስለ ሰዓቱ ቁጥር 2 ትክክል ነው ብላለች፤ ከእንግዲህ ለአዳኝ ወፎች ረፋድ ላይ ከፍ ያለ ቦታ ትወጣለች። ኩሬዋን ግን አትተውም። ከቁጥር 8 የወሰደችው መጻፍን ነው። አንድ ጥያቄም ጨመረች፦ ሰዎች ብርቅዬውን ብቻ ሳይሆን ያዩትን ሁሉ በቁጥር ይጻፉ፤ ምንም ካላገኙም ከሰዓቱና ከነፋሱ ጋር ይጻፉት። ወፍ ያልታየበት ጠዋት ካልተመዘገበ የታየበት ጠዋት ምን ያህል ልዩ እንደነበር አይታወቅም። ትክክል ናት። ይህን ልማድ ብዙ ሰው ቢይዘው እወዳለሁ።

ቁጥር 25 ድንቢጥና ርግብም ይቆጠራሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎ፣ ሁሉም ይቆጠራሉ ብላ መለሰችለት። በማግስቱ ጠዋት ጀማሪው ልጅ የመጀመሪያ ዝርዝሩን ላከ። ነፋሱ ከደቡብ፣ ሰማዩ የጠራ፣ ድንቢጥ 31፣ ርግብ 12፣ ቺፍቻፍ 1፣ ሌላ ፈላሽ ወፍ የለም።